ምዘናዋን እስክትጨርስ

ጎንደር ኮሌጅ የገባሁት በሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነው። ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ላይ ተቋርጦ ስለነበር የቀረውን እጄ የገባውን ሁሉ እያነበብሁ ራሴው ሞላሁት፤ የጎረቤት ልጆች የጣሉትን ደብተር፣ ስኳር የተጠቀለለበትን ጋዜጣ፣ ቤተ ክርስቲያን ደጅ የሚሸጡትን ትናንሽ መጻሕፍት። በኋላ በግል ተፈትኜ አለፍሁና ልብስ ስፌት ተመዘገብሁ። የመጀመሪያው ቀን ክፍል ስገባ ተማሪዎቹ አሰልጣኝ መስያቸው ብድግ አሉ። እኔም ደንግጬ ተቀመጡ አልኋቸው። ተቀመጡ። ከዚያ ሄጄ ከኋላ ወንበር ስቀመጥ ያ ሁሉ ልጅ ሳቁን መያዝ አቃተው።

አቻ አማካሪ ያደረጉኝም በዚሁ ዕድሜዬ ሳይሆን አይቀርም። አቻ አማካሪ ማለት ራሷ ሰልጣኝ ሆና ሌሎቹን ሰልጣኞች የምታግዝ፣ የምትመክር፣ ከመምህራኑም የምታገናኝ ናት። ደመወዝ የለውም። ያለው ደረት ላይ የሚንጠለጠል ባጅና የአንዲት ክፍል ቁልፍ ነው። ክፍሏ የተሰበሩ የስፌት መኪናዎች ማስቀመጫ ነበረች፤ መኪናዎቹን ወደ ጥግ ገፍተን አንድ አግዳሚ ወንበር አስገባንባት። ሴቶቹ ከገጠርም ከከተማም እየመጡ ያችን ወንበር አሞቋት። አንዷ አከራይዋ ውኃ ዘግታባት ትመጣለች። አንዷ አሰልጣኙን ወዳ፣ እሱ የማያውቀውን ጉዳይ ለእኔ ስታለቅስልኝ ትውላለች። አንዲት ነበረች ምንም ሳትናገር ለመተኛት ብቻ የምትመጣ፤ ግማሽ ሰዓት ተኝታ፣ ፊቷን አብሳ፣ "እግዜር ይስጥልኝ እትዬ" ብላ ትሄዳለች። እንቅልፍም ምክር ነው ብዬ ተውኋት።

የሚያስቅ ብዙ አለኝ፤ ሰው ከተገኘ ሳወራ ባድር አይታክተኝም። ይህን ግን ለማንም አውርቼው አላውቅም። አንዲት ልጅ የእናቷ አንደበት ሳይዘጋ ደርሳ የምታወራበት፣ ደህና አድርጋ የምትሰናበትበት ሁለት ቀን ሙሉ ነበራት። ሁለቱን ቀን የወሰድሁባት እኔ ነኝ። በክፋት አይደለም። በክፋት ቢሆን ለንስሓ አባቴ ተናግሬ ይቀለኝ ነበር።

ልጅቱ ከጃን አሞራ ነው የመጣችው፤ ከመካነ ብርሃን አልፎ፣ በእግር ሌላ ሰዓት ከሚያስኬድ መንደር። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። "እንዴት ነሽ" ሲሏት "ሸጋ" ስለምትል የኛ ክፍል ወንዶች "ሸጋዋ መጣች" እያሉ ያሾፉባት ነበር። እሷም ቀና ብላ አይታ፣ "ምነው፣ እናንተን መስታወት አስጠላችሁ?" ትላቸዋለች። ጨርቅ ስትቆርጥ ጠመኔ አትወድም ነበር። በዓይኗ ለክታ መቀሱን ትሰድዳለች፤ አሰልጣኛችን ይጮህባታል፣ ሲለካው ግን ልክ ሆኖ ያገኘዋል።

እናቷን ያየኋት ልጅቱን ልታስመዘግብ የመጣች ዕለት ነው። አጭር ሴት ናት፤ በሶ የያዘ ከረጢት በጀርባዋ አዝላ በር ላይ ዘበኛውን ትጠይቃለች።

"የሴቶቹ አለቃ የትኛዋ ናት?"

ዘበኛው ወደ እኔ ጠቆማት።

"አለቃስ አይደለሁም፣ እኔም ተማሪ ነኝ" አልኋት።

"በዚህ ዕድሜሽ?"

"በዚህ ዕድሜዬ።"

አፏን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች። "እንዲያ ከሆነስ እኔንም መዝግቢኛ፤ ከልጄ ጋር አንድ ወንበር ላይ እንቀመጣለን።"

ከዚያ ሳቋን ትታ ጉዳዩን ነገረችኝ። በእነሱ አገር ልብስ ሰፊ ያለው አንድ ወንድ ብቻ ነው፤ ሴቶቹ ደረታቸውንና ወገባቸውን ለሱ ለማስለካት ያፍራሉ። "እኛ ለካ ብለን አንቆምለትም፤ እሱም ከሩቅ ገምቶ ይሰፋዋል፤ ዓመቱን ሙሉ ብብታችን እንደተቀደደ እንኖራለን" አለችኝ። ልጇ ተምራ መካነ ብርሃን ላይ የስፌት መኪና ብትተክል ያ ሁሉ ሴት የሷ ደንበኛ ነው። ስትሰናበተኝ እጄን በሁለት እጇ ይዛ፣ "አደራ። ዓይንሽ አይለያት። ሳትጨርስም እንዳትመጣብኝ" አለች። እኔም አደራውን ተቀበልሁ። በእኛ አገር አደራ የተቀበለ ሰው እንዴት እንደሚሆን የሚያውቅ ያውቀዋል።

ሁለት ዓመት ተማርን። መጨረሻው ሲኦሲ የምንለው የብቃት ምዘና ነው፤ አንድ ቀን የጽሑፍ፣ አንድ ቀን የተግባር። መዛኞቹ ከሌላ ቦታ መጥተው ሥራሽን አይተው "ብቁ" ካላሉሽ ሁለት ዓመት የተማርሽው ወረቀት ሱቅ አያስከፍትሽም። ያን ዓመት መንገድ እየተዘጋ ምዘናው ሁለት ጊዜ ተራዝሟል። በሦስተኛው ሐሙስና አርብ ተባለና ቀኑ ተቆረጠ። ይህ ካመለጠ ቀጣዩ መቼ እንደሚሆን የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ በዚያች ክፍላችን ተቀምጬ ስልኬ ጮኸ። ልጅቱ የራሷ ስልክ ስለሌላት ለቤተሰቧ የሰጠችው የእኔን ቁጥር ነው። ከወዲያ በኩል መጀመሪያ የተሰማኝ ነፋስ ነበር፤ ኔትወርክ ለማግኘት ተራራ ላይ እንደሚወጡ ነግራኛለች።

"እንዴት ዋልሽ እህቴ። የልጅቱ አጎት ነኝ።"

"እግዚአብሔር ይመስገን፣ አያ። ምነው፣ ደህና ናችሁ?"

"ደህናስ አይደለንም። እናቷ በጠና ታማለች። ልጅቱን ቶሎ ስደጂልን።"

ይህን ንግግር አውቀዋለሁ። አባቴ የሞተ ጊዜ ወንድሜ የደወለልኝ በዚህ ቃል ነው፤ "አባባ በጠና ታሟል፣ ቶሎ ነይ።" አለ ወይ ብዬ ስጠይቀው "አለ፣ ይተነፍሳል" ብሎኛል። ስደርስ አባቴ ከተቀበረ ሁለተኛ ቀኑ ነበር። ወንድሜ አልዋሸኝም፤ ሥርዓቱን ነው ያደረሰው። በእኛ ዘንድ ሞት በስልክ አይነገርም። ሰው ብቻውን ሳለ አይነገርም። መንገድ ላይም፣ ገበያ ላይም አይነገርም። "ታሟል" ተብሎ ይጠራል፤ ከደረሰ በኋላ፣ ወይም ባለበት ከተማ ሽማግሌ ተሰብስቦ በማለዳ መርዶውን ይሰማል። "በጠና ታሟል" ሲባል የደነገጠ ልብ ወዲያው ነጠላውን ይፈልጋል።

ቢሆንም ጠየቅሁ። "አያ፣ እኔ ልጅ አይደለሁም። ከእኔ አይደብቁ። አርፋለች ወይ?"

"ኧረ ምን በወጣት። ታማለች ነው የምልሽ። የልጇን ስም እየጠራች 'የት ደረሰች' ትላለች።"

ጥሩ አድርጎ ነው የሚሸፍነው፣ አልሁ በልቤ። የሽማግሌ ልጅ ነው፤ መርዶ መያዝ ያውቅበታል።

እውነቱን ነበር የነገረኝ። ያ ሰው ተራራ ወጥቶ፣ ነፋሱን ችሎ፣ አንዲት ቃል ሳይጨምርና ሳይቀንስ ያለውን ነገረኝ። እናቲቱ በሕይወት አለች፤ ልጇንም ትጠራለች። እኔ ግን ሟች ነው ያደረግኋት። ከሞተች ደግሞ፣ አልሁ፣ ማክሰኞ ብትሄድም ያው፣ ቅዳሜ ብትሄድም ያው። መቃብር የትም አይሄድም፤ ምዘናው ግን ያልፋል። እናቲቱም ራሷ ሳትጨርስ አትምጣብኝ ብላኛለች።

"አያ፣ አርብ ምዘናዋን ትጨርሳለች። ቅዳሜ በማለዳ እኔ ራሴ ይዣት እነሣለሁ። እስከዚያ እንዳትሰማ ለማንም እንዳይደውሉ" አልሁት።

ነፋሱ ብቻ ይሰማኛል። "እንግዲህ የከተማውን እናንተ ታውቃላችሁ" አለና መስመሩ ተቋረጠ። መልሼ ብደውል ዝግ ነው። በማግስቱም፣ ከማግስቱ ወዲያም ዝግ ነው።

ያን ዕለት ለአንድ ሰው ብቻ ነገርሁ። ከልጅቱ አጠገብ ባለው መኪና የምትሰፋ የከተማችን ነጋዴ ልጅ ነበረች፤ አባቷ ጨርቅ ይሸጣሉ፤ ቁርጥራጩን ለልጅቱ መለማመጃ እያመጣች ትሰጣት ነበር። ሙስሊም ናት፤ ምላሷ እንደ መርፌ ነው፤ ልቧ ግን ሌላ። አግዳሚው ላይ አስቀምጬ ነገርኋት።

"ሞተዋል አሉሽ?" አለችኝ።

"እንዲያ ተብሎ አይነገርም።"

"ታመዋል ካሉሽ ታመዋል ነዋ።"

"አንቺ የኛን አታውቂውም።"

"ጎንደር ተወልጄ ያደግሁ፣ ምናችሁን ነው የማላውቀው እትዬ? እኛ ቤት ሰው ሲሞት ሞተ ይባላል፤ ቀብሩ አያድርም፤ የደረሰ ደረሰ፣ ያልደረሰ ቀረ። እናንተ የሞተውን ታሟል ትላላችሁ፣ የታመመውን ደህና ነው ትላላችሁ፣ ደህናውን ደግሞ ምን እንደምትሉት አላውቅም።"

"እና ልንገራት? ምዘናውስ?"

ምዘናው ሲነሣ እሷም ላላች። ከልጅቱ ጋር ጎን ለጎን ሁለት ዓመት ሰፍታለች፤ የመካነ ብርሃኑን ሱቅ እንኳ በጠመኔ ጠረጴዛ ላይ ሥለውት ነበር፣ መኪናው እዚህ፣ መስታወቱ እዚያ እያሉ። ከአግዳሚው ተነሥታ፣ "ወላሂ እኔ አልናገርም። ግን ካንቺ ራስ አይወርድም" አለችኝ።

ከራሴ ይውረድ ብዬም አልጠየቅሁ። ማክሰኞ ለአሰልጣኛችን ነገርሁት፤ እሱም በሥርዓቱ ከንፈሩን መጠጠና "ደግ አደረግሽ፣ ትጨርስ" አለኝ። ረቡዕ የእናቷን የክርስትና ስም "በጸሎት ላስባት" ብዬ ከልጅቱ ጠየቅሁ። ደስ ብሏት ነገረችኝ። ቀሐ ወንዝ አጠገብ ካለች ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ለቄሱ ያንኑ ስም ሰጠሁና ነፍሷን እንዲያስቡላት ለመንሁ። ዛፍ ሥር ቆሜ ለዚያች በሶ አዝላ ለመጣች ሴት አለቀስሁላት፤ በሕይወት ላለች ሴት። በዚያች ሰዓት እሷ መደቧ ላይ ተኝታ በር በሩን ታይ ነበር።

ልጅቱ ነገሩ ሸተታት። ያቺ የነጋዴ ልጅ ደግ ሆነችባት፤ አሰልጣኛችን መጮህ ተወ፤ እኔ ምሳ ሰዓት ከሳህኔ እያነሣሁ አስቀምጥላታለሁ።

"ምነው ሁላችሁም እንዲህ ተንከባከባችሁኝ? ልሞት ነው እንዴ?" አለች እየሳቀች።

ጓደኛዋ ክር ላምጣ ብላ ወጣችና ሳትመለስ ቀረች።

ሐሙስ የጽሑፉን ተፈተኑ። አርብ ተግባሩን። ጨርቅ ተሰጥቷቸው ባለ ኮሌታ የወንድ ሸሚዝ ከመቁረጥ እስከ ካውያ ጨርሰው ማስረከብ ነበረባቸው። እኔም ተመዛኝ ነኝ፤ የራሴን እየሰፋሁ ዓይኔ ወደ እሷ ይሄዳል። ጠመኔ ተጠቀመች። ለመዛኞቹ ብላ ነው፤ አስምራ አስምራ ቆረጠች። ኮሌታው ጫፍ ላይ ስትደርስ ምላሷን ትንሽ አውጥታ፣ ትንፋሿን ይዛ አዞረችው። መዛኙ ሸሚዙን ወደ መስኮቱ አንሥቶ ስፌቱን በብርሃን አየው፤ ገልብጦ ዘምዘማቱን አየው። ሌላ ነገር አላየም። ጻፈ።

ከሰዓት ውጤታችንን ነገሩን። ከክፍሉ እየሮጠች ወጥታ ተጠመጠመችብኝ።

"እትዬ፣ ብቁ አሉኝ። ደውይልኝ፣ እማ ትስማ።"

በፊቷ ደወልሁ። የአጎቷን ቁጥር ነካሁት። ዝግ ነበር። ዝግ በመሆኑ እግዚአብሔርን አመሰገንሁ። ይህንንም መጻፍ አለብኝ፤ አመስግኛለሁ።

"ነገ ጠዋት እንሞክራለን" አልኋት።

ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ አዘዞ፣ ልጅቱ ከምትከራይበት ግቢ ደረስን። አከራይዋ፣ አንድ የሠፈር ሽማግሌ፣ አሰልጣኛችን፣ እኔ፣ ያቺ ጓደኛዋና ሌሎች ሁለት ልጆች ነን። ሽማግሌው በር አንኳኩተው ሲገቡ ከኋላቸው እኛን አየች። መናገር አላስፈለገም። ተሰልፎ በማለዳ የመጣ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ ሕፃንም ያውቃል። "ማን ነው?" ብቻ አለች። ሽማግሌው ስለዚች ዓለም አላፊነት ጀመሩ፤ እሷ አላስጨረሰቻቸውም። "ማን ነው፣ እማ ናት?" ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ። ከዚያ የሆነውን አልጽፈውም። ሁለት ሆነን ነው የያዝናት። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰች፤ እኔም አዘቀዘቅሁ፤ ደባርቅ የሚሄድ መኪና ያዝን።

ከደባርቅ በላይ ያለው መንገድ ረጅም ነው፤ ጠጠርና ጠመዝማዛ። ብርዱ አጥንት ይገባል። ድምፅ የላትም፤ ስታለቅስ አፏ ይከፈታል እንጂ ምንም አይወጣም። ተሳፋሪዎቹ የተዘቀዘቀ ነጠላችንን እያዩ ቦታ ለቀቁልን፤ "ማን ሞተባችሁ?" እያሉ "ነፍስ ይማር" አሉን። አንዲት አሮጊት ለልጅቱ ቂጣ ቆርሰው ሰጡ። ስንት ሰው ነፍስ ይማር አለ በዚያ መንገድ ላይ፤ ሁሉንም አሜን ያልሁ እኔ ነኝ።

አንድ ጊዜ ብቻ ድምፅ አውጥታ፣ "መቼ ነው የሞተችው?" አለችኝ።

"ሰኞ ነው የሰማሁት" አልኋት።

አየችኝ። ከዚያ ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች።

መካነ ብርሃን የደረስነው ፀሐይ ስትዘቀዝቅ ነው። የማታውቀው ሰው ብቻ ነበር መናኸሪያው ላይ። ከዚያ በእግር ተያያዝነው። መንደሩ ከገብስ ማሳ በላይ ጉብታ ላይ ነው፤ ከታች ሆነው ቤቱን ያዩታል። የለቀስተኛ ወጉ ይታወቃል፤ ሟች ቤት ዝም ብሎ አይገባም፤ ከሩቅ ድምፅ ማሰማት አለ። ቤቱ እንደታያት ያ ጠፍቶ የዋለው ድምፅ መጣላት። "እማ፣ እማዬ፣ ሳላይሽ፣ ሳትመርቂኝ" እያለች ደረቷን እየመታች ወጣች። እኔም ከኋላዋ ድምፄን ሰጠሁ። ዳስ እንዳልተጣለ አይቻለሁ። ሰው እንዳልተሰበሰበም አይቻለሁ። ቀብሩ ካለፈ ሰንብቷል፣ ሰው ተበትኖ ይሆናል አልሁና እያለቀስሁ ወጣሁ።

ከቤቱ አንድ ሰው እየሮጠ ወረደ፤ ሁለት እጁን እያወዛወዘ። አጎቷ ነው። "ዝም በሉ፣ ስለ ማርያም ዝም በሉ" ይላል። እኛ ግን በራሳችን ጩኸት አንሰማውም። ደርሶ የልጅቱን አፍ በመዳፉ ያዘ።

"ማን ሞተች ብሎ ነው የምትጮሁት? አለች እኮ።"

ቆምን። እኔን አየኝ። ቁጣ እንኳ አልነበረበትም፤ ሊገባው አልቻለም። "እኔ ምን አልሁሽ? ታማለች አላልሁሽም?"

ብለውኛል፣ አልሁት።

ልጅቱ ሮጣ ገባች። እኔ ደፍ ላይ ቀረሁ። እናቲቱ መደቡ ላይ ናት፤ ያቺ በሶ አዝላ የመጣች ሴት ግማሽ ሆናለች። ዓይኖቿ ተከፍተዋል። አጠገቧ የተቀመጠች ጎረቤት እያለቀሰች፣ "ሰማች እኮ። ድምፁ ከታች ሲመጣ እጄን ጨበጠችኝ። የራሷን ለቅሶ አሰማችኋት" አለችን። ልጅቱ ከፊቷ ቆመች፤ ነጠላዋ እንደተዘቀዘቀ ነው። የእናቷ ዓይን ከፊቷ ወደ ነጠላው ወረደ፣ እዚያው ቆየ። ልጅቱ ያኔ ገባት። ነጠላውን ከላይዋ ገፍፋ፣ ጠቅልላ በበሩ ወደ ውጭ ወረወረችው። እኔ አጠገብ ወደቀ።

ከዚያ ተንበርክካ እናቷ ጆሮ ላይ፣ "እማ፣ ብቁ አሉኝ። ሸሚዝ ሰፍቼ ብቁ አሉኝ" አለቻት። ደጋግማ አለቻት። እናቷ አልመለሰችም። አንደበቷ ሐሙስ ማታ ነው የተዘጋው። እስከ ሐሙስ ታወራ ነበር አሉኝ፤ ውኃ ስጡኝ ትላለች፣ ልጄ የት ደረሰች ትላለች፣ አንድ ጊዜም ቀልዳ ጎረቤቶቿን አስቃቸዋለች። ልጅቱ ማክሰኞ ብትነሣ ማክሰኞ ማታ በገባች፤ ረቡዕንና ሐሙስን አብረው በዋሉ።

እሑድን እንዲሁ ዋለች አደረች። ሰኞ ከቀትር በፊት ሞተች።

በቀብሩ ልጅቱ አላለቀሰችም። አገሩ ሁሉ ይጮኻል፣ አልቃሿ ሴት ሙሾ ታወርዳለች፣ እሷ እንደ እንግዳ ቆማ ታያለች። ሴቶቹ ሲንሾካሾኩ ሰማሁ፤ "ከተማ አደረቃት፤ ለእናቷ እንባ ነፈገች" ይላሉ። እናት ሞታባት ድምፅ ያላሰማች ሴት ልጅ በዚያ አገር ስሟ ለዘመን ይነሣል። ቅዳሜ አልቅሳ ጨርሳለች፣ ያስጨረስኋትም እኔ ነኝ ልላቸው ፈለግሁ። አላልሁም። ነገሩን ለማስረዳት የሚያስፈልገው ቃል ሁሉ ከኔ ቢወጣ ራሴን ለማንጻት የምለፋ ይመስላል። አጎቷ ግን ከሁሉ አብልጦ ጎዳኝ። ማታ ማታ ምግብ ሲቀርብ፣ "እንግዳዋ ትብላ፣ ሩቅ አገር ነው የመጣችው" እያለ ያስቀድመኝ ነበር።

ሣልስቱ ሲያልፍ ልሂድ አልሁ። ልጅቱ እስከ መኪና መንገዱ ሸኘችኝ። ገብሱ መሐል ባለችው ቀጭን መንገድ ከፊቴ ትሄዳለች። ማሳው ሲያልቅ፣ ዞር ሳትል ጠየቀችኝ።

"ሐሙስ ከፈተናው ከወጣን በኋላ የት ነበርን?"

"ፒያሳ ሻይ ቤት። ሦስታችንም።"

"እኔ ስቄ ነበር?"

ዋሽቼ አልሳቅሽም ልላት ነበር። ግን ያን ሳምንት የዋሸሁት ይበቃ ነበር። "ስቀሻል። ብዙ ስቀሻል" አልኋት።

"በምን?"

ለማስታወስ ሞከርሁ። የሻይ ቤቱን ጠረጴዛ አየዋለሁ፣ የጓደኛዋን ፊት አየዋለሁ፣ እሷ ሳቅ ይዟት ብርጭቆውን ስታስቀምጥ አያለሁ። የተባለው ነገር ግን አልመጣልኝም።

"አላስታውስም" አልኋት።

"እኔም አላስታውሰውም" አለች። "እነሱ እዚህ ያስታውሳሉ። ሐሙስ የተናገረችውን አንድ በአንድ ነገሩኝ። አንዱ የረሳውን ሌላው ይነግረኛል። እኔ የራሴን ሐሙስ እንኳ አላስታውስም።"

መኪናው ከሩቅ አቧራውን እያስነሣ መጣ። ይቅር በይኝ አልኋት። "እትዬ፣ አንቺ ክፉ ሰው አይደለሽም" አለችኝ። ይቅር ብዬሻለሁ አላለችም። ከረጢቴን ተቀብላ ለረዳቱ አቀበለችው፤ እንደ ወጉ ሦስት ጊዜ ጉንጬን ሳመችኝ።

የምስክር ወረቀቷ ከሁለት ወር በኋላ ወጣ። ጓደኛዋ ፈርማ ተቀብላ በሚታመን ሰው ላከችላት። ልጅቱ መካነ ብርሃን ላይ መኪና መትከሏን የሰማሁት ከዚያችው ጓደኛዋ ነው፤ እሷ ጋ ትደውላለች። እኔ ጋ አትደውልም።